ያሪሷ እዚያው ትቅር፦ መኪና ከዱባይ አስመጥቶ ባሕር ዳር ታርጋ ስለማውጣት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኸውና፦

«ጋሼ ሰላም ነዎት? ዓባይ ማዶ የምኖር ነርስ ነኝ። ወንድሜ ሻርጃ ይሠራል። በፈረንጆች 2016 የተሠራች ንጹሕ ቶዮታ ያሪስ፣ ቤንዚን፣ አግኝቶልኝ 2,000 ድርሃም ቀብድ ከፍሏል። ቀረጧ ስንት ይመጣብኛል? ታርጋዋንስ እዚሁ ባሕር ዳር ማውጣት እችላለሁ ወይስ አዲስ አበባ መመላለስ ነው? አንድ ደላላ ደግሞ ‘ለኔ ተይው፣ እጨርስልሻለሁ’ ብሎኛል። ልመነው?»

እህቴ፣ መጥፎውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ያሪሷ አትገባም። ቀረጧ ስለሚበዛ አይደለም። ቤንዚን ስለምትጠጣ ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ይህን ይፋ ያደረገው የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ነው። ምክንያቱም አገሪቱ ለነዳጅ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ዶላር ማውጣቷ ነው ተባለ። ማደያ ደጃፍ ባጃጅ ከባጃጅ ተያይዞ ሲሰለፍ እያየን ለምንኖር ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም። ወደድነውም ጠላነውም ሕጉ ይኸው ነው። «ሐይብሪድ ናት» ተብሎም አይሞከር። እሷም ሆዷ ውስጥ የቤንዚን ሞተር አለ።

እንግዲህ ያ ደላላ «እጨርስልሻለሁ» ያለሽ ምኑን እንደሆነ እንጃ። ገንዘብሽን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ግማሹን ቅድሚያ ነው። ከዚያ መኪናው ጅቡቲ ይደርሳል። መግቢያ ያጣል። በቆመበት የቦታ ኪራይ ይቆጥራል። ደላላው ስልኩን ይዘጋል። የኪራዩ ቢል ግን የሚመጣው በአንቺ ስም ነው።

ደግሞ እገዳው ባይኖርም አያዋጣሽም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪናን ሆን ብሎ ነው የቀጣው። የመኪናው ዕድሜና የሞተሩ መጠን በጨመረ ቁጥር ታክሱ እየናረ ሄዶ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። 500 በመቶ በሰው ቋንቋ ምን ማለት ነው? ከነማጓጓዣው 1 ሚሊዮን ብር የወጣበት መኪና ኤክሳይዙ ብቻ ከ5 ሚሊዮን ይበልጣል። የሚበልጠውም ኤክሳይዙ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ በዚያም ላይ ሱር ታክስ የሚሉት ሌላ ተጨማሪ ታክስ 10 በመቶ። እንደ መሶብ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል። ሰው «ቀረጥ ስንት ነው?» ብሎ አንድ ቁጥር ሲጠብቅ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲሆን ጨዋታው ሌላ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍል አደረገ። በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ። ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣው ዜሮ። ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስም ነፃ አወጣቸው። እዚህ ላይ ግን ጆሮሽን ስጪኝ። የምትከፍዪው ወንድምሽ መኪናውን የገዛ ቀን በነበረው ተመን አይደለም። ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ዕቃውን ለጉምሩክ የምታሳውቂበት ሰነድ፣ ጉምሩክ በተመዘገበበት ቀን በሥራ ላይ ባለው ነው። መኪናው ባሕር ላይ እያለ መመሪያ ቢለወጥ የምትከፍዪው በአዲሱ ነው። ስለዚህ ዶላር ከመንቀሳቀሱ በፊት ባሕር ዳር ያለው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ሂጂና የዚያን ሰሞን ታሪፍ ጠይቂ። መጠየቅ ነፃ ነው። የሞዴሉን ስም፣ የተሠራበትን ዓመትና ያገለገለ መሆን አለመሆኑን ጽፈሽ ሂጂ፤ «አንድ መኪና ነበረኝ» ብለሽ ብትገቢ መልሱም እንደዚያው ድፍን ይሆናል።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ወንድምሽ እዚያ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። በፎቶ ከሚገዛ ሰው በብዙ ትሻያለሽ። በእጁ ነክቶ፣ አሽትቶ የሚያይልሽ ሰው አለሽ። አሽትቶ ያልኩት ለቀልድ አይደለም።

ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ኤምሬትስ ላይ የወረደውን ዝናብ ወንድምሽ ያስታውሰዋል። በ75 ዓመት ያልታየ ነበር። ዱባይና ሻርጃ ጎዳናው ሐይቅ ሆነ፤ መኪናው እስከ መስኮቱ ተዋጠ። እነዚያ መኪኖች የት ሄዱ? የተጨፈለቀ አለ። ታጥቦ፣ ሽቶ ተነፍቶበት ገበያ የወጣም አለ። የቤንዚን መኪና ጎርፍ ቢገባው ተፍታቶ ይጠገን ይሆናል። ወለሉ ሥር ባትሪ የተነጠፈበት መኪና ግን ውኃ ከጠጣ በኋላ ዛሬ ቢነሳም ነገ የሚሆነውን ማንም አይነግርሽም።

ስለዚህ ወንድምሽ እንዲህ ያድርግ። የፊት ወንበሩን የደኅንነት ቀበቶ እስከ መጨረሻው ይሳበው። እስከ መጨረሻው፤ ግማሹን አይደለም። አጣቢዎች ቀበቶውን የሚያጥቡት እስከሚታየው ድረስ ነው። ጫፉ ጋ ቡኒ መስመር ካለ ወይም ጨርቁ ድርቅ ብሎ በጣቱ ሲያሸው አቧራ ካረገፈ፣ መኪናዋ ዋኝታለች። ቀጥሎ ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ በስልኩ መብራት ይይ። ዱባይ ደረቅ አገር ነው፤ እዚያ ጋ ዝገት ምን ይሠራል? ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጦ ጥጋጥጉን በጣቱ ይዳስስ። ደቃቅ አሸዋ እንደ ዱቄት ተጋግሮ ካገኘ ይተወው። በመጨረሻ በሩን ዘግቶ ሁለት ደቂቃ ውስጡ ይቀመጥ። ሽቶው ከበዛ፣ ከሽቶው ሥር ያለውን ሽታ ይፈልግ።

ዋጋዋ ከእኩዮቿ በጣም ወርዶ ካየም አይደሰት። «ባለቤቱ አገር ሊለቅ ነው» የሚለውን ወሬ እኔ ስንት ጊዜ ሰማሁት።

ቀጥሎ ባትሪው። እነዚህ ባትሪዎች ሙቀት አይወዱም። የዱባይ በጋ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ቢያንስ ከወንድምሽ ሰምተሻል። ጥላ በሌለበት ግቢ ሦስት በጋ የቆመ መኪና እና ቤት ውስጥ ያደረ መኪና ኪሎ ሜትራቸው እኩል ሆኖ ባትሪያቸው ላይገናኝ ይችላል። የባትሪውን ጤና በመቶኛ የሚያነብ መሣሪያ አለ፤ መኪናው ላይ ሰክቶ የሚያነብ መካኒክ ይቅጠር። ለዚህ የሚወጣ ጥቂት ድርሃም አይቆጭም። «ስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ቢሉት ደግሞ የት አገር ብሎ ይጠይቅ። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በዱባይ በኩል አልፎ ባሕር ዳር የገባ መኪና ዋስትናው እግረ መንገዱን ቀርቷል።

ይህ የቻይና ነገር ቀላል አይደለም። ዱባይ ከምታገኙት የኤሌክትሪክ መኪና መሐል ለቻይና ገበያ የተሠራ ብዙ አለ። ቢዋይዲውም፣ ቻንጋኑም። ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ የሚባለው ሰፊው መኪና ጭራሽ የተሸጠው ለቻይና ብቻ ነው። ጀርመን ሄደሽ ብትፈልጊው አታገኚውም። እነዚህ መኪኖች የቻርጅ መሰኪያቸው ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው ዓይነት ነው። የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ይባላል። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ወንድምሽ የመሰኪያውን ክዳን ከፍቶ ፎቶ ያንሳልሽ። ቻርጀር ከመግዛትሽ በፊት ያንን ፎቶ ለሻጩ ታሳዪዋለሽ። ስክሪኑም ወደ እንግሊዝኛ የሚዞር መሆኑን እዚያው ያረጋግጥ። አንድ ደንበኛዬ ሁለት ወር ሙሉ መኪናዋ በቻይንኛ እየተለማመጠችው ነዳ። ኋላ ሲተረጎምለት «የኋላው በር አልተዘጋም» ነበር የምትለው።

በአንድ ቻርጅ ይሄዳል የሚባለውን ኪሎ ሜትርም ሙሉውን አትመኚ። ቻይኖቹ የሚለኩበት መንገድ ቸር ነው። «500» ካለ፣ ያገለገለም ከሆነ፣ እኔ በልቤ ሩቡን ቀንሼ ነው የማስበው።

አሁን እኔ እንጀራ የበላሁበት ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ወረቀቱ። ከአሥር ዓመት በላይ በትራንዚተርነት፣ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ በማስወጣት፣ ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሞተርና ከጎማ ይልቅ ሰው ሲያስለቅስ ያየሁት ወረቀት ነው። ከወረቀቱም አንዲት መስመር፤ የሻንሲ ቁጥር።

የሻንሲ ቁጥር፣ ማለትም የመኪናው መለያ ቁጥር፣ ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ ከተሠሩት መኪኖች በቀር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። አሥራ ሰባት። አሥራ ስድስትም አሥራ ስምንትም አይሆንም። በውስጡ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። እንግዲህ ኢንቮይስሽ (የሻጩ የዋጋ ሰነድ) ላይ «ኦ» ካየሽ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም፤ ስህተት ነው። በኤል ከጀመረ መኪናው ቻይና ተሠርቷል፤ በጄ ከጀመረ ጃፓን፤ በደብልዩ ከጀመረ ጀርመን። የቻይና መኪና ላይ አሥረኛዋ ፊደል የሞዴሉን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ትናገራለች። ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024። ሻጩ «የ2023 ናት» ሲል አሥረኛዋን ፊደል ቁጠሪና ፍረጂ። በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳም የተሠራችበትን ዓመትና ወር፣ የሞተሩን ጉልበት፣ የባትሪውን ቮልትና መጠን ይዛለች። ጽሑፉ ቻይንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ነጋዴ መኪና ያዝኩ። ላኪው ኢንቮይስ ሲጽፍ አንዷን «ኤስ» 5 አድርጓታል። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ የመርከቡ የጭነት ሰነድ፣ ከኢንቮይሱ ተገለበጠ። ዲክላራሲዮኑ ከቢሉ ተገለበጠ። እኔም ሦስቱ ወረቀት ስለተስማማልኝ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ከመኪናው ጋር ግን አላስተያየሁትም። ፍተሻ ሲደርስ ብረቱ ላይ ኤስ፣ ወረቀቱ ላይ 5። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ መኪናው 23 ቀን ቆመ። ላኪው የማስተካከያ ደብዳቤ እስኪልክ፣ ማጓጓዣው ሰነዱን እስኪያርም፣ የኛው ዲክላራሲዮን እስኪታረም። ነጋዴው እስከ ዛሬ ሲያየኝ «ኤስ እንዴት ነህ?» ይለኛል። ለቦታው ኪራይ ግማሹን ከኪሴ ከፍያለሁ። ሥራዬ ማየት ነበር፤ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼን የማስቸግረው በአንድ ነገር ነው። መኪናው መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሻንሲው ቁጥር ፎቶ፣ ከመስታወቱ ሥር ያለው ሳይሆን ብረቱ ላይ የተመታው። የኤሌክትሪክ ሞተሩም ቁጥር ፎቶ። ሞተሩ ሁለት ከሆነ ሁለቱም። የሞተሩ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሽፋን ሥር ነው፤ እዚያ ሊፍት ያለው ጋራዥ ውስጥ አሥር ደቂቃ ነው። እዚህ ምዝገባ ላይ ቁጥሩ ሲጠየቅ ግን መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈሽ በስልክ መብራት ስትፈልጊ ግማሽ ቀን ይሄድብሻል።

ገንዘቡ እንዴት ይሄዳል? ይህም ሰው የሚሳሳትበት ነው። ወንድምሽ ከኪሱ ከፍሎ «ላክሁልሽ» ቢል በቂ አይደለም። ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ጉምሩክ የውጭ ምንዛሬው ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። መልሱ የባንክ ፐርሚት፣ ባንኩ ምንዛሬውን የፈቀደበት ወረቀት፣ ነው። ያለ ባንክ ምንዛሬ የሚገባ ዕቃ፣ ፍራንኮ ቫሉታ የሚባለው፣ የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። በጥቅምት 2015 መኪናን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች ምንዛሬ እንዳይሰጣቸው ተደርጎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ሲለቀቅ ያ ክልከላ ተነሳ። ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ይህን የምነግርሽ ጉምሩክ ዋጋውን ወደ ብር የሚለውጠው በባንክ ተመን ስለሆነ ነው። የዱባዩ ዋጋ ሳይነካ የብር ቀረጥሽ ሊያብጥ ይችላል። መጀመሪያ ባንክሽ ሄደሽ አነጋግሪ። መኪና ከዚያ በኋላ።

እንደ አንቺ ለአንድ መኪና ብቻ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ ከመጀመር፣ ፈቃድ ያለው አስመጪ በራሱ ስም አምጥቶ፣ ቀረጡን ከፍሎ፣ ለአንቺ በሽያጭ ውል የሚያስተላልፍበት መንገድ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ወንድምሽ መኪናውን እዚያ ይመርጣል፣ አስመጪው ያመጣዋል። ትርፉን ይወስዳል፤ ራስ ምታቱንም ይወስዳል።

ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጎ መጻፍ የሚል ምክር ይመጣልሽ ይሆናል። አትሞክሪው። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፤ ካላመነበት በራሱ ዋጋ ይተምነዋል። ቀረጡ የሚሰላውም በኢንቮይሱ ላይ ብቻ አይደለም። የመርከብ ኪራዩና የባሕር ኢንሹራንሱ ይደመራል፤ ሲአይኤፍ የሚሉት ይህን ነው።

የጉዞው ነገር አጭር ነው። ከዱባዩ ወደብ ከጀበል ዓሊ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ። ፍተሻና ቀረጥ። ከዚያ «ተላላፊ» የሚሉትን ጊዜያዊ ሰሌዳ ለጥፈሽ ወይም ጭነሽ ወደ ቤት።

እኔ ጭነሽ ነው የምለው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ እንኳ 300 አካባቢ ነው። መንገድ ላይ እንደ ነዳጅ በጀሪካን የሚሸጥልሽ የለም። መሐል ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወርደሽ ደጀን ስትወጪ፣ ቁልቁለቱም ዳገቱም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሲወርድ ደስ ይላል፤ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ይዞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ግን ጫፍ ላይ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚገባበት ቦታ የለውም። ያን ጊዜ የቀረሽ ተራው ፍሬን ነው። ዳገቱ ደግሞ ያጠራቀምሽውን ሁሉ ይውጠዋል። ለማታውቂው መኪና፣ ባትሪውን ላላመንሽው፣ የመጀመሪያ ጉዞ ይሄ አይሁን። የመንገዱን ሰሞነኛ ሁኔታ ከሹፌሮች ጠይቀሽ፣ ሎቤድ (መኪና የሚጭን ዝቅ ያለ ተጎታች) ላይ አስጭነሽ አምጪው።

ወደ ታርጋው። አዎ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ታወጫለሽ። አዲስ አበባ መመላለስ የለብሽም። ነዋሪነትሽ እዚህ ከሆነ ምዝገባሽም እዚህ ነው። ሁላችንም «መንገድ ትራንስፖርት» የምንለው ቢሮ። ሕጉ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ነው። ዋናው ዲክላራሲዮን፣ ቀረጥ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ኢንቮይሱና ቢሉ፣ ፋይዳሽ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። በአስመጪ በኩል ከሆነ የሽያጭ ውሉም ይጨመራል። ቢሮው ዲክላራሲዮኑ እውነተኛ መሆኑን ከጉምሩክ ያጣራል። ያ መልስ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። ሰው የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው። ግን ይህ ማጣራት ባይኖር በፎርጅድ ዲክላራሲዮን የተገዛ መኪና አንቺ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር።

ከዚያ የቴክኒክ ምርመራ። ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ ይታያል። የሻንሲው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ኤስ እና 5 እንደገና እዚህ ይገናኛሉ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ያለሱ አይሆንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ግን በፈቃድሽ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ስትገቢ ውሉ ባትሪውን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። «ሁሉንም ይሸፍናል» የሚል የቃል መልስ አትቀበዪ፤ ባትሪው ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ ነው። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሊብሬሽን፣ ቦሎሽን፣ ሰሌዳሽን ትቀበያለሽ። በነባሩ ሰሌዳ የግል መኪና ኮድ 2 ነው፤ ጎዳናችን ላይ «አማ» ተብሎ በሰማያዊ ያየነው። ሊብሬው ሲሰጥሽ መስኮቱ ጋ ቆመሽ አንብቢው። ስምሽን፣ 17ቱን፣ የሞተሩን ቁጥር። ከደጅ ከወጣሽ በኋላ ማሳረም ሌላ ሰልፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመኪናው በፊት ቤትሽ ላይ አጣሪ። የኤሌክትሪክ መኪና ላለው ሰው ማደያው ግቢው ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በተራ ሶኬት፣ 2 ኪሎ ዋት ገደማ እየሳበ፣ ከባዶ እስኪሞላ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር 9 ሰዓት አካባቢ። የማታ ተረኛ ከሆንሽ ቀን፣ የቀን ከሆንሽ ሌሊት ይሞላልሻል። ግን 7 ኪሎ ዋት ማለት ሁለት የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንደመጣድ ነው። 32 አምፒር። አሮጌ ሽቦና ቀጭን ብሬከር አይችለውም። ኧርዙ፣ ወደ መሬት የሚወርደው የደኅንነት ሽቦ፣ ትክክል ካልሆነ ደግሞ ቻርጀሩ ራሱ እምቢ ይላል። ተከራይ ከሆንሽና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ፣ አከራይሽን ከወዲሁ አነጋግሪ። በአንድ ግቢ አራት ቤተሰብ ሆኖ «የሴትዮዋ መኪና ነው መብራቱን የበላው» የተባለበትን ጠብ አውቃለሁ። ሄደው ሲያዩት ማታ ማታ አንዱ ውኃ ማሞቂያ ሳያጠፋ ይተኛል።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል፤ እናውቀዋለን። የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ቢመረቅም ሰፈራችን ድረስ ያለው ትራንስፎርመር ያው የድሮው ሊሆን ይችላል። ከዓባይ ማዶ ሆስፒታል ደርሰሽ የምትመለሽ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ብትነጂ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አንድ ሙሉ ቻርጅ ሳምንት ሊያቆይሽ ይችላል። ረቡዕ ቢጠፋ ሐሙስ ትሞያለሽ።

ይህ ሁሉ ከበዛብሽ ሦስተኛ መንገድ አለ። አገር ውስጥ ያለ፣ ታርጋ ያለው መኪና መግዛት። ያሪስሽን፣ ቪትዝሽን እዚህ ታገኛለሽ። ዋጋው ያስደነግጣል፤ እገዳው የድሮዎቹን ወርቅ አድርጓቸዋል። እዚህ የምትፈሪው ባሕሩን ሳይሆን ሊብሬውን ነው። «ከቀረጥ ነፃ» የገባ መሆኑን እዪ፤ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል በስምሽ አይዞርም። ዕዳና እገዳ ከሚመዘግበው ቢሮ አጣሪ። በውክልና የሚሸጥልሽ ከሆነ ውክልናውን የሰጠው ሰው በሕይወት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ነውር አይደለም። ሰውየው ከሞተ ውክልናውም አብሮ ሞቷል፤ አንቺ ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ትገናኛለሽ። ቪትዝ ከሆነ ደግሞ ከጃፓን በቀኝ መሪ ወጥቶ ኤምሬትስ ውስጥ መሪው ወደ ግራ የዞረ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። የዝናብ መጥረጊያው አቅጣጫ ይነግርሻል። ሲያርፍ ወደየት እንደሚተኛ ከሌላ ግራ መሪ መኪና ጋር አስተያዪው። ዳሽቦርዱ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተትም እኩል አይሆንም። የዞረ ስለሆነ አትግዢ አልልም፤ የፍሬን ፔዳሉንና የመሪውን ዘንግ መካኒክ ሳያይ ግን አትክፈዪ።

ስለ ቀብዱ። 2,000 ድርሃሙ ገና አልጠፋም። ወንድምሽ ዛሬውኑ ሻጩ ዘንድ ሄዶ «ያሪሷን ኢትዮጵያ አያስገቡልኝም» ይበል። ብዙ ሻጮች ገንዘብ መመለስ አይወዱም። ወደ ሌላ መኪና ማዛወር ግን አይከብዳቸውም። ግቢው ውስጥ ኤሌክትሪክ ካለ ቀብዱ ወደዚያ ይዙርለት፤ አዲስ ደረሰኝም በአዲሱ የሻንሲ ቁጥር ይጻፍ። ከዚያ የቀበቶውን ጫፍ፣ የመሰኪያውን ክዳን ውስጥ፣ የበሩን ሰሌዳና ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አራት ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ለኔም አስተላልፊልኝ። 17ቱን እኔ እቆጥርልሻለሁ።